የራቱን ሒሳብ ማን ይክፈል?

በውጭ አገር የሚኖር ሐበሻ ማኅበር ማቋቋም አያቅተውም። የሐኪሞች፣ የነርሶች፣ የመሐንዲሶች፣ የሒሳብ ባለሙያዎች፣ የኮምፒውተር ሰዎች ማኅበር በብዙ ከተማ ተመሥርቷል። መተዳደሪያ ደንብ ይረቀቃል፤ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ፤ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል። በዓመት አንዴ አዳራሽ ተከራይቶ ራት ይበላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሳል። ቀሪው አሥራ አንድ ወር ጭር ይላል። ግሩፑ ላይ የሚታየው የበዓል መልካም ምኞትና የኀዘን መግለጫ ብቻ ይሆናል። በሦስተኛው ዓመት የአዳራሹ ግማሽ ወንበር ባዶ ነው። በአምስተኛው ዓመት ሊቀመንበሩ ሲደውል ስልክ የሚያነሳለት ያጣል።

ሰዎቹ ስለተጣሉ ላይሆን ይችላል። (ጠቡም አይቀርም፤ እሱን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን።) ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ተራ ነገር ነው። ለዓመታዊው ድግስ በጀት ተይዟል፤ በመሀል አሥር አሥራ ሁለት ሰው ተገናኝቶ ቡና ጠጥቶ፣ ሥራ ያጣውን ጠይቆ፣ አዲስ የመጣውን ተዋውቆ እንዲለያይ ግን ማንም አምስት ሳንቲም አልመደበም። ያ ትንሽ ስብሰባ ከአንድ ደግ ሰው ኪስና ከአንዲት ሴት ጉልበት ይወጣል። ደጉ ሰው ሲደክመው፣ ሴትየዋም «ይብቃኝ» ስትል ያልቃል።

በዚህ ጉዳይ የአይሁዶችን ልምድ ማየት ይጠቅማል። የእነሱን ማኅበራት ስናነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚመልሰው «እነሱማ ሀብታሞች ናቸው» ብሎ ነው። መልሱ ልክ አይደለም፤ ስንፍናም አለበት። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከሩሲያ ግዛት፣ ከፖላንድ፣ ከሊትዌኒያና ከሮማኒያ ተሰደው ኒውዮርክ ከገቡት አይሁዶች አብዛኞቹ በሎወር ኢስት ሳይድ ጠባብ ክፍሎች ታጭቀው የሚኖሩ፣ በልብስ ስፌት ከማለዳ እስከ ምሽት የሚለፉ ድሆች ነበሩ። ከአንድ ከተማ ወይም መንደር የመጡት ተሰባስበው «ላንድስማንሻፍት» የሚባል የአገር ልጆች ማኅበር ያቋቁሙ ነበር። አባሉ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፤ ሲታመም ይረዱታል፣ ሲሞት የመቃብር ቦታው ተገዝቶ ይጠብቀዋል። የእኛው እድር ማለት ነው።

በዚያው ሰፈር በ1892 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጥቂት ስደተኞች በ95 ዶላር ያለ ወለድ የሚያበድር ማኅበር ጀመሩ። ሂብሩ ፍሪ ሎን ሶሳይቲ ይባላል፤ ዛሬም ኒውዮርክ ውስጥ ያበድራል። ይህ አሠራር ከእምነታቸው የወጣ ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሊቅ ማይሞኒደስ ምጽዋትን በስምንት ደረጃ ከፍሎ፣ ከሁሉም በላይ ያስቀመጠው ሰውን በብድር፣ በሽርክና ወይም ሥራ በማግኘት ራሱን እንዲችል ማድረግን ነው። ሰውን ከሥራ ማገናኘት ከጽድቅ ሥራ ሁሉ የበላይ ሆነ ማለት ነው። የባለሙያዎች ትስስር ለእነሱ ለምን እንደ ቅንጦት እንደማይታይ ከዚህ ይገባል።

የምግቡም ሒሳብ ቢሆን ቆየት ያለ መልስ አለው። በብዙ ምኩራብ የሰንበት ጠዋት ጸሎት ሲያልቅ ሰው ወዲያው አይበተንም። «ኪዱሽ» ይባላል፤ በወይን ላይ ይባረካል፣ ዳቦው፣ ዓሣው፣ ኬኩ ይቀርባል፣ ቆመውም ተቀምጠውም ያወራሉ። የዚህን ወጪ ብዙ ጊዜ አንድ ቤተሰብ ይችላል፤ ልጅ ስለተወለደለት፣ ወይም የአባቱ ሙት ዓመት ስለሆነ። የዚያ ሳምንት ኪዱሽ የእገሌ ቤተሰብ መሆኑ ይነገራል። ጠበል ጻዲቅ ያቀመሰ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሥራ ፈላጊው ሥራ የሚያገኘው፣ ወላጆችም ለልጃቸው የሚሆን ሰው የሚያዩት እዚያች የቆመች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው።

ችግሩ የመጣው የልብስ ሰፊዎቹ የልጅ ልጆች ጠበቃ፣ ሐኪም፣ የፊልም ሰውና የኩባንያ መሥራች ሲሆኑ ነው። ሰፈሩን ለቀቁ። ምኩራብም ብዙዎቹ የሚሄዱት በዓመት አንድ ሁለቴ ሆነ። በየከተማው አሉ፤ ግን አይተዋወቁም። ከዚህ ስጋት የተነሳ በ1999 ቻርለስ ብሮንፍማንና ማይክል ስታይንሃርት የተባሉ ባለሀብቶች «በርዝራይት»ን አስጀመሩ፤ ወጣት አይሁዶችን በነጻ ለአሥር ቀን ወደ እስራኤል የሚወስድ ጉዞ ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሄደዋል። ከጉዞው በኋላ ግን ወጣቱ ወደ ቺካጎ ወይም ወደ ቦነስ አይረስ ሲመለስ ሰኞ ጠዋት የሚጠብቀው ማነው? አሥሩ ቀን በጣም ደስ ይል ነበር፤ አሥራ አንደኛው ቀን ግን ባዶ ነው።

በ2005 የኦክላሆማዋ በጎ አድራጊ ሊን ሹስተርማን «አር ኦ አይ ኮሚዩኒቲ» የተባለውን መረብ ሲያቋቁሙ ይህን ክፍተት ለመሙላት ነበር። ከተለያዩ አገሮች የተመረጡ በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያሉ የድርጅት መሪዎች፣ ነጋዴዎች፣ አርቲስቶችና ጋዜጠኞች ኢየሩሳሌም ላይ ለጥቂት ቀናት ይሰበሰባሉ። እዚህ ድረስ ከእኛ ዓመታዊ ራት ብዙም አይለይም፤ ሆቴሉ ይሻላል እንጂ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። አባሉ ወደ ከተማው ሲመለስ «እዚህ ያለነው ሰዎች እንገናኝ» ብሎ ሐሳብ ቢያቀርብ፣ መረቡ ለዚያ ስብሰባ ትንሽ ገንዘብ ይሰጣል። ስብሰባውን የሚያዘጋጀው አባሉ ራሱ ነው። ከዋናው ቢሮ አዘጋጅ አይላክም፣ የክብር እንግዳም የለም።

ትንሽ ገንዘብ ምን ይሠራል? ጋባዡ ባለሙያ ነው፤ አሥር ሰው አብልቶ አይደኸይም። ግን ገንዘቡ ሰበብ ይሆነዋል። የማያውቀውን ሰው ደውሎ «ኑ» ማለት ለማንም ያስፈራል፤ «ማኅበሩ ራት መድቧል፣ እኔ ጋ ነው፣ ኑ» ማለት ግን ቀላል ነው። ተጋባዡም ባለ ዕዳ ሆኖ አይሰማውም፤ ብድር የሚመልስበት ቤት የሌለው ላጤ፣ ሥራ የፈታውም፣ ገና የመጣውም ሳይሳቀቅ ይመጣል። ድጎማውን የሰጠውም አካል በየከተማው ማን ሰው መጥራት እንደሚችል ያውቃል። ይህን በመጠይቅ አታገኙትም።

ሌሎች ደግሞ ከዚህም ቀለል አድርገውታል። «ዋን ቴብል» በ2014 የተጀመረ ነው፤ ስሙ «አንድ ገበታ» ማለት ነው። በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ያለ ሰው ዓርብ ማታ የሰንበት ራት ቤቱ ሲያዘጋጅ፣ ለምግቡ መግዣ በእንግዳ ቁጥር የተሰላ ጥቂት ዶላር ያገኛል። ከሁሉም የማደንቀው ይህን የአሰጣጥ መንገድ ነው። በእንግዳ ቁጥር መሆኑ ብዙ ሰው እንዲጠራ ያበረታታል፤ ትንሽ መሆኑ ደግሞ ድግሱ እንዳያብጥ ይይዘዋል። የእኛን የጽዋ ማኅበር አስቡት። ተራው ሲደርስ አንዷ ዶሮና ጠላ አቀረበች፤ ቀጣይዋ ከእሷ ላለማነስ ክትፎ ጨመረች፤ ሦስተኛዋ በግ አረደች። አራተኛዋ፣ ሁለት ሥራ የምትሠራውና አንድ መኝታ ቤት አፓርትመንት ውስጥ የምትኖረው፣ ተራዋ ሳይደርስ «ሥራ በዛብኝ» ብላ ቀረች። ሥራ እንዳልበዛባት ሁሉም ያውቃል። ጣሪያው የታወቀ ድጎማ ቢኖር ምስርና ሰላጣ አቅርባ ቀና ብላ ታስተናግድ ነበር።

«ሞይሼ ሀውስ» ደግሞ በ2006 በካሊፎርኒያ ኦክላንድ ከአንድ ቤት ተጀመረ። ሞይሼ በዪዲሽ ሙሴ ነው። አሁን ድርጅቱ ሜም ግሎባል ይባላል። አንድ ቤት የሚጋሩ ወጣቶች የኪራያቸው የተወሰነ ክፍል ይደጎምላቸዋል፤ በምላሹ በየወሩ የተወሰነ ቁጥር ያለው ዝግጅት ቤታቸው ያደርጋሉ። ራት ሊሆን ይችላል፣ ትምህርት፣ የእግር ኳስ ጨዋታ ማየትም። ዛሬ እንዲህ ያሉ ቤቶች በብዙ አገሮች አሉ። ሕንፃ ገዝቶ የማኅበር አዳራሽ ማሠራት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ስንት ወዳጅ እንደሚያጣላ ለምናውቅ ሰዎች፣ የአራት ወጣቶችን ኪራይ ማገዝ ርካሽ ነው።

አሁን ስለ ወጥ ቤቱ። ቡናውን የሚያፈላው፣ እንጀራውን የሚጋግረው፣ ልጆቹን የሚያስተኛው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ባልየው የማኅበሩ ጸሐፊ ነው ይባላል፤ የማኅበሩ እውነተኛ በጀት ግን ሚስቱ ናት። እሷም ነርስ ወይም ፋርማሲስት ከሆነች፣ ስለ ሙያዋ ለማውራት ተሰብስበው ከሙያዋ ሰዎች ጋር ሳትቀመጥ እንግዶቹ ይሄዳሉ። ስለዚህ ድጎማ ሲታሰብ ምግቡ የተዘጋጀ ሆኖ ከሬስቶራንት የሚመጣበት፣ ለሁለት ሰዓት ልጅ ጠባቂ የሚከፈልበት መሆን አለበት። «የእኛ ባህል አይደለም» የሚል ካለ፣ እሱ በተራው አሥራ ሁለት እንጀራ ጋግሮ ያሳየን።

ይህ ጉዳይ ከእኛ በጣም የሚቀርብበት ቦታ እስራኤል ነው። ከ160,000 በላይ የኢትዮጵያ ተወላጆችና ልጆቻቸው እዚያ ይኖራሉ። በ1984 እና 1985 በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ተወስደዋል። አብዛኞቹ ወላጆች ከጎንደር ገጠር የመጡ ገበሬዎችና ባለ እጆች ነበሩ። ልጆቻቸው ዛሬ ጠበቃ፣ ሐኪም፣ መኮንን፣ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆነዋል።

እስራኤል ውስጥ ደግሞ «ቪታሚን ፒ» የሚባል ቀልድ አለ። «ፕሮቴክጽያ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ እኛ «ዘመድ» የምንለው። የጦር ሠራዊት ጓደኛ፣ የአጎት የሥራ ባልደረባ፣ አብሮ አደግ፤ ብዙ በር የሚከፈተው በዚህ ነው። ዲግሪ ይዛ የወጣች ልጅ አባቷ በባንኩ ወይም በሆስፒታሉ የሚያውቁት ሰው ከሌለ፣ ማርኳ እኩል ሆኖ ሳለ ከኋላ ትሰለፋለች። በቆዳ ቀለም የሚደርሰው አድልዎ ሲታከልበት ደግሞ መንገዱ ይረዝማል። ለዚህ ነው «ኦሊም ቤያሐድ» የተባለው ድርጅት የኢትዮጵያ ተወላጅ ምሩቃንን በትምህርታቸው ልክ ከሚሆን ሥራና ከቀጣሪዎች ጋር ለማገናኘት የሚሠራው። በ2000 የተቋቋመውና ለማኅበረሰቡ የሕግ ድጋፍ የሚሰጠው ድርጅት ስም ደግሞ የራሳችን ቃል ነው፤ «ጠበቃ»።

ለእነዚህ ምሩቃን የባለሙያ ትስስር ማለት ያልነበራቸውን አጎት መተካት ነው። ታዲያ ስብሰባው ሁሉ ቴል አቪቭ ቢሆንስ? ከዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ቅዳሜ ማታ ሰንበት ስለሆነ አብዛኛው የሕዝብ ማመላለሻ ይቆማል። መኪና የሌላት የቂርያት ማላኪ ወይም የአፉላ ልጅ የዓርቡን ራት በፌስቡክ ታየዋለች እንጂ አትደርስበትም። ትንሽ ገንዘብ ወደ አፉላ ሄዶ እዚያው ስምንት ሰው በእግሩ የሚመጣበት ራት ቢያዘጋጅ፣ ለእሷ ከቴል አቪቩ ትልቅ ኮንፈረንስ ይበልጣል። ለእኛም እንደዚያው ነው። በባሕረ ሰላጤው አገር በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ያላት እኅታችን የታክሲው ሒሳብ ከምግቡ ይበልጥባታል። ሚኒሶታ ያለው በረዶ ውስጥ ነው። ለንደን ያለውም ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሰዓት ይጓዛል።

የአይሁዶቹ መንገድ ጉድለትም አለበት። በአንድ ሀብታም ላይ የተንጠለጠለ ነገር ሀብታሙ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። በታኅሣሥ 2008 በርናርድ ማዶፍ የተባለው የኒውዮርክ ደላላ በዓለም ትልቅ በተባለ ማጭበርበር ሲያዝ፣ ገንዘባቸውን ለእሱ ያስቀመጡ የአይሁድ በጎ አድራጎት ድርጅቶች በአንድ ሌሊት ተራቆቱ፤ ቻይስ የተባለው የቤተሰብ ፋውንዴሽን ወዲያው ተዘጋ። ማጭበርበር ባይኖርም ገንዘብ ያልቃል። የብሮንፍማን ፋውንዴሽን አስቀድሞ ባቀደው መሠረት በ2016 ሥራውን ጨርሶ ተዘጋ፤ አቪ ኻይ የተባለውም ትልቅ ፋውንዴሽን በመሥራቹ ፍላጎት ገንዘቡን ጨርሶ በ2019 መጨረሻ ድጎማ መስጠት አቆመ። ሌላም ችግር አለ። ሁሉም ነገር በነጻ የለመደ ወጣት፣ ድጎማው ሲቆም «ለምን እኔ ልክፈል?» ይላል። ይህን ጥያቄ እነሱ ራሳቸው አሁንም ይከራከሩበታል።

እዚህ ላይ የእኛ ወገን ጥንካሬ አለው። ጽዋ ማኅበር ሰጪ ባለሀብት አያውቅም፤ ተራ ነው ያቆየው። ሰንበቴም፣ እድርም፣ እቁብም እንደዚያው። እኛ የጎደለን የመዋጮ ልማድ ሳይሆን፣ የተዋጣውን ገንዘብ ወደ ትንሹ ስብሰባ የመላክ ልማድ ነው። ሒሳቡን እናድርገው። አንድ ማኅበር ሁለት መቶ ሰው ጠርቶ ለአዳራሽ፣ ለምግብና ለሙዚቃ በነፍስ ወከፍ 60 ዶላር ቢያወጣ 12,000 ዶላር ነው። ይኸው ገንዘብ በ120 ዶላር ሲካፈል መቶ ስብሰባ ይሆናል። በአሥር ከተማ፣ በዓመት አሥር ጊዜ። እያንዳንዱ አሥራ ሁለት ሰው ቢያስተናግድ በሰው አሥር ዶላር ይደርሳል፤ ለሽሮና ለቡና ይተርፋል።

ዓመታዊውን ራት ሰርዙ አልልም፤ ልጆቻችን ሐበሻ ልብስ ለብሰው የሚሮጡበት ቀን ነው። ከእሱ ሩቡን ብትቀንሱ ግን 3,000 ዶላር ነው፤ ሃያ አምስት ስብሰባ። አንዱን ሙዚቀኛ ማስቀረት ሊሆን ይችላል።

ለመስጠት የሚያስፈልገው ሕግም አጭር ቢሆን ይሻላል። አምስት ገጽ ማመልከቻ ለ120 ዶላር ማስሞላት ስድብ ነው። መቼ፣ የት፣ ስንት ሰው፤ ከዚያ ደረሰኙና ከመጡት ውስጥ ስንቱ አዲስ እንደሆነ። ሦስት አዲስ ሰው ካልመጣ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ጋባዥ ይሞክር፤ ያው ስምንት ጓደኛሞች በማኅበሩ ገንዘብ እየተገባበዙ ዓመቱን እንዳይጨርሱት። እኔ ብሆን አንድ ነገር እጨምራለሁ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ማኅበሩ ግማሹን ይክፈል፣ ግማሹን የመጡት ያዋጡ፤ ሥራ ያጣ ሰው ግን አይጠየቅ፤ የማይጠየቅ መሆኑንም ገንዘብ ያዡ ብቻ ይወቅ።

የመጀመሪያው 120 ዶላር ለማን ይሰጥ የሚለው ላይ ክርክር ይነሳል። ሊቀመንበሩ ካለበት ከተማ ውጭ ለሚኖር፣ ኮሚቴ ውስጥ ለሌለ ሰው ይሰጥ። የቴሌግራሙን ግሩፕ ወደ ላይ ብታንሸራትቱ ስሙን ታገኙታላችሁ፤ ከሁለት ዓመት በፊት «እዚህ አካባቢ የምትኖሩ አላችሁ?» ብሎ ጽፎ ማንም ያልመለሰለት ሰው አለ።